ከስምንት የአማርኛ ልብ ወለዶች የትኛውን ላስቀድም? ለአንድ ዓመት ንባብ የንጽጽር መመሪያ

«የአማርኛ ልብ ወለድ ማንበብ ፈልጌ ነበር፤ ምን ይሻለኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ ፍቅር እስከ መቃብር፣ ኦሮማይ፣ አደፍርስ። በስሞቹ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው በቅደም ተከተሉ ነው። እነዚህ መጻሕፍት በዝና ቢቀራረቡም ከአንባቢው የሚጠይቁት ጊዜ፣ ትዕግሥትና የቋንቋ አቅም እጅግ ይለያያል። ከትምህርት ቤት ወዲህ ረጅም መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው አደፍርስን ይዞ ቢቀመጥ ሠላሳ አርባ ገጽ ሳይሞላ ሊተወው ይችላል። ከዚያ ወይ «እኔ ንባብ አይሆንልኝም» ይላል፣ ወይ ደራሲውን ያማል። የተሳሳተው ግን ምርጫው ነው።

እዚህ የቀረቡት ስምንት መጻሕፍት ዓመቱን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ይበቃሉ። የትኛው ከየትኛው ይበልጣል የሚል ደረጃ የለም፤ የትኛው ለማን፣ መቼና ከምን በኋላ የሚል ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መመዘኛዎቹ

የቋንቋ ክብደት። ከሁሉም በፊት የሚታይ ነገር ነው። መጽሐፉን ሦስት ቦታ ይግለጡ፦ አሥረኛው ገጽ አካባቢ፣ መሐል ላይና ሁለት ሦስተኛው ላይ። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይመኑ፤ ደራሲዎች መግቢያቸውን አሳምረው ስለሚጽፉት ስለቀረው አይመሰክርም። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ትርጉማቸው ያስቆመዎትን ቃላት ይቁጠሩ። አንድ ሁለት ከሆኑ ያለ ስጋት ይጀምሩ። ከሦስት እስከ አምስት ከሆኑ በቀን ከ15 ገጽ በላይ አያቅዱ። ከአምስት ካለፉ መዝገበ ቃላት ያስፈልግዎታል፣ ወይም መጽሐፉን ለዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ያቆዩት።

ርዝመት። የገጹ ብዛት ብቻውን ምንም አይናገርም። ለ30 ደቂቃ በተለመደው ፍጥነትዎ ያንብቡና ስንት ገጽ እንደሄዱ ይዩ። 10 ገጽ የሄደ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ቢያነብ 500 ገጹን በ25 ቀን ይጨርሳል። 5 ገጽ የሄደ 50 ቀን ይፈጅበታል፤ ሃምሳ ቀን ደግሞ በመሐሉ ሠርግም ሐዘንም ሥራም የሚገባበት ጊዜ ነውና ታሪኩ ይበጣጠሳል።

የትረካ አካሄድ። ታሪኩ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ወይስ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ተራኪ እየቀያየረ? ቀጥ ያለውን ታክሲ ውስጥም ማንበብ ይቻላል። የሚዞረው ግን ጸጥ ያለ ቦታና ረዘም ያለ ቁጭታ ይፈልጋል።

የታሪክ ዕውቀት። አንዳንዱ ዘመኑን ለማያውቅ ሰው ግማሹ ይጠፋበታል።

ይዘት። ድምፅን ከፍ አድርጎ ለቤተሰብ የሚነበብና ብቻን የሚነበብ አንድ አይደለም። መጽሐፍ ስጦታ የሚሰጡ ሰዎች ይህችን እየዘለሉ ብዙ ይቸገራሉ።

ፍቅር እስከ መቃብር (ሐዲስ ዓለማየሁ፣ 1958)

ከ500 ገጽ በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በቋንቋው ሳይሆን በጠበቀው ነገር ነው። የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ግን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ከማገናኘቱ በፊት ማንኩሳ ላይ ይቀመጣል። የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ የስእለታቸውን ነገር፣ ልጁ በቤተ ክህነት ትምህርት የሚያልፍበትን መንገድ በዝርዝር ይተርካል። ይህ ክፍል ሊዘለል አይገባም። በዛብህ ለእግዚአብሔር የተሳለ ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ያልያዘ አንባቢ፣ በኋላ ላይ የሚያስጨንቀው የባላባትና የድኻ ልዩነት ብቻ ይመስለዋል። ልጁን ግን ሁለት ነገር ነው የሚያስረው፤ አንዱ ከሰብለ ወንጌል አባት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው፣ ሌላው ከእናቱ አፍ የወጣ ቃል ነው።

ሌላው የሚያስቸግረው የማዕረግና የመሬት ቃላት ነው፦ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ባላገር፣ ጉልት፣ እጅ መንሻ። አንድ ወረቀት ላይ ሃያ ያህሉን ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በተለይ ባላገሩ ያልተለመደ ግብር አንሰጥም ብሎ በፊታውራሪው ላይ የሚነሳበት ክፍል እነዚህን ቃላት ካላወቁ ቀልዱም ምሬቱም ያመልጥዎታል። ቀልድ ማለቴ በስሕተት አይደለም፤ መጽሐፉ ከዝናው በላይ ያስቃል። ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ የሚገኘው የዘመኑን ሥርዓት የሚተቸው ጉዱ ካሳ ባለበት ገጽ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይበሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጠብቆ በሚነበብ ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። የተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ይህን አያደርግም፤ «ይመታል» የሚለውን አይተን መቺ ይሁን ተመቺ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የምንገምተው። ነጥቧ ለዝግተኛ አንባቢ ትልቅ እገዛ ናት። በስልክ ላይ በደበዘዘ ቅጂ ሲነበብ ግን የወረቀት ቆሻሻ ትመስላለች።

የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ አለ፤ ግሩም ነው። አንብቦ ለጨረሰ ሰው ድግስ ነው። ንባብ ለከበደው ደግሞ አንድ ምዕራፍ ሰምቶ ያንኑ ምዕራፍ ማንበብ የጎጃሙን አነጋገር ጆሮ ላይ ያስቀምጣል።

አደፍርስ (ዳኛቸው ወርቁ፣ 1962)

ከስምንቱ ከባዱ ይህ ነው፤ ከሁሉም ብዙ የሚከፍለውም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጣቱ አደፍርስ ተምሮ የመጣ ተከራካሪ ነው። የሚከራከረው ደግሞ ከሞኝ ባላገር ጋር አይደለም፤ እሱ አንድ ሐሳብ ሲወረውር ምሳሌ፣ ተረት፣ ጥቅስ እየመዘዙ ከሚመልሱ ሰዎች ጋር ነው። ደራሲው ለማንም አያዳላም። በዚህ ምክንያት «ትክክለኛው ማን ነው?» እያለ የሚያነብ ሰው ይደክማል።

ክብደቱ ከሦስት ነገር ይመጣል። የመልክዓ ምድሩ ገለጻ ረጅምና በቃል የታጨቀ ነው። ምልልሱ የሸዋን ገጠር አነጋገር እንዳለ ይዞ ይሄዳል። ታሪኩ ደግሞ በሁነት ሳይሆን በክርክር ስለሚገፋ፣ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚለው ጉጉት አንባቢውን አይጎትተውም። መፍትሔውም እንደዚያው ነው። የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ነገር ግን በየቃሉ አይቁሙ። አንዱን ክፍል ያለ ማቋረጥ ያንብቡና ከጨረሱ በኋላ ያሰመሩባቸውን ቃላት ይፈልጉ፤ ከዚያ ያንኑ ክፍል ይድገሙ። በቀን 8 ወይም 10 ገጽ በቂ ነው። ምልልሱን ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይረዳል፤ በዓይን ሲነበብ የተወሳሰበው በጆሮ ሲሰማ ይፈታል።

የመጀመሪያ መጽሐፍ አድርገው አይምረጡት። ከዓመቱ ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ይሁን።

ከአድማስ ባሻገር (በዓሉ ግርማ፣ 1962)

ከአደፍርስ ጋር የአንድ ዘመን መጽሐፍ ነው፤ በንባብ ቅለት ግን ሌላ ዓለም ነው። አዲስ አበባ፣ ቢሮ፣ ቡና ቤት፣ አበራ ወርቁ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው ላይ ይቆይ ወይስ የጥበብ ስሜቱን ይከተል፣ በመሐል ሉሊት ታደሰ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ምልልሱ ይፈጥናል፣ የማይታወቅ ቃል ከስንት አንዴ ነው። ደመወዝና ፍላጎት የተጣሉበት ሰው ሁሉ ራሱን ያገኝበታል።

ድካሙ ሴቶቹን የሚያይበት ዓይን ነው፤ የዘመኑ የወንድ ዓይን ነው፣ ዛሬ ሲነበብ ይጎረብጣል። ቢሆንም ንባብ ለሚጀምር ወይም ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። በሁለት ቅዳሜና እሑድ ያልቃል።

ኦሮማይ (በዓሉ ግርማ፣ 1975)

ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ አስመራ ይገባል። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ናት፤ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ስለላ፣ ፍቅርና ጦርነት በአንድ ላይ ነው። መጽሐፉ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከወጣበት አልተመለሰም።

ይህ ታሪክ ራሱ ለንባቡ ችግር ይፈጥራል። ብዙ ሰው መጽሐፉን እንደ ሰነድ ይይዘውና «ይኼ ባለሥልጣን እገሌ ነው፣ ያ እገሌ ነው» በሚል ግምት ይጠመዳል። በዚህ መንገድ ያነበበ ሰው፣ በዘመቻው የሚያምነው ፀጋዬ እምነቱ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚሸረሸር ሳያይ ያልፋል፤ የመጽሐፉ ጉልበት ግን እዚያ ነው። የሚያስፈልገው የታሪክ ዕውቀት ብዙ አይደለም። ዘመቻው በ1974 መካሄዱን፣ ዋና ዒላማው የሻዕቢያ ምሽግ የነበረችው ናቅፋ መሆኗን፣ መንግሥትም ጦርነትንና የልማት ዘመቻን አንድ ላይ አጣምሮ ማወጁን ማወቅ ይበቃል። ስለዚያ ጦርነት ቤቱ ውስጥ ቁስል ላለበት ሰው ስጦታ ከመስጠት በፊት ግን ያስቡበት።

በዓሉን በቅደም ተከተል መከተል የሚሻ ሰው ከአድማስ ባሻገርና ኦሮማይ መሐል «ደራሲው» የተባለውን ልብ ወለዱን (1972) ቢያስገባ ጥሩ ነው። የዚያ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲራክ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል ተቀረጸ ይባላል፤ ይህም ወደ ሚቀጥለው መጽሐፍ ያደርሳል።

ሌቱም አይነጋልኝ (ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር)

ቋንቋው ከስምንቱ ቀላሉ፣ ይዘቱ ከስምንቱ ከባዱ። የአዲስ አበባው ውቤ በረሃ ሌሊት ነው፦ ቡና ቤት፣ ሴተኛ አዳሪዎች፣ ጠጪዎች፣ ጨዋታ። ደራሲው ሰው በሚናገርበት አማርኛ ነው የጻፈው፤ የአካል ክፍልንም ድርጊትንም በስሙ ይጠራል። ለዚህ ነው ተጽፎ ረጅም ዘመን ሙሉ ሆኖ ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ሲዞር የኖረው። ሳንሱር የተደረገና ሙሉ የሆነ ቅጂ ስለሚኖር ሲገዙ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሴራ ፈልጎ የሚጀምር ያዝናል፤ አንዱ ሌሊት ሌላውን ይወልዳል እንጂ ወደ አንድ መደምደሚያ የሚሮጥ ነገር የለም። ብልግናውን ብቻ ፈልጎ የሚጀምርም እንዲሁ፤ ደራሲው ሰዎቹን ሳይፈርድባቸው የሚያዳምጥበት ጆሮ ነው የመጽሐፉ ዋጋ። ለወጣት ልጅ፣ ለቤተሰብ ንባብ፣ ለመሥሪያ ቤት የስጦታ ልውውጥ አይሆንም።

ግራጫ ቃጭሎች (አዳም ረታ፣ 1997)

መዝገቡ የሚባል ልጅ አድጎ ራሱን የሚፈልግበት ታሪክ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ግን ምንም አልተነገረም። አዳም ዕቃን፣ ሽታን፣ የግቢን ጥግ፣ የሰፈርን ወሬ በአጉሊ መነጽር እያየ ይጽፋል። ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሕልሙና እውኑ ድንበራቸው ይሳሳል።

በሥራ መሐል በአሥር አሥር ደቂቃ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያለ ስልክ ይቀመጡ። ክሩ ከጠፋብዎት ወደ ኋላ ተመልሰው አይፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ ከሃያ ገጽ በኋላ ራሱ ይመለሳል። ገንዘብም ጊዜም ከማውጣት በፊት መሞከር የሚፈልግ ሰው ማህሌት ከሚለው የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስቡ ሁለት ሦስት ያንብብ። አጭሩ ካልጣመው ረጅሙ አይጥመውም፤ በተለይ የስንብት ቀለማት የሚባለውን ግዙፍ ሥራውን ያን ጊዜ አይንካ።

ዴርቶጋዳና ጦቢያ በአጭሩ

የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ (2001) ልብ አንጠልጣይ ነው። ስለላ፣ ገዳም፣ ሳይንስና የአገር ምሥጢር በፍጥነት ይፈራረቃሉ፤ ምዕራፉ የሚያልቀው ቀጣዩን እንዲያስገልጥ ሆኖ ነው። የገጸ ባሕርይ ጥልቀት ወይም የቋንቋ ውበት የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም፤ መጽሐፉም ያንን ቃል አልገባም። ንባብ የሚሰለቸውን ጎረምሳ መጽሐፍ ለማስጨረስ ግን ከዚህ የሚፎካከረው ጥቂት ነው። ተከታይ ስላለው ራማቶሓራን ቀድመው እንዳይገዙ።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፣ በተለምዶ ጦቢያ የምንለው፣ በ1900 ሮም ላይ ታተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አጭር ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንታ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ሴራው በአጋጣሚ የተሞላ ነው፣ ሰዎቹም ወይ ፍጹም ደግ ወይ ፍጹም ክፉ ናቸው። አማርኛው ግን ይጣፍጣል። በሁለት ወፍራም መጻሕፍት መሐል እንደ ማረፊያ ይያዝ።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ልብ ወለድ | ርዝመት | ቋንቋ | የትረካ አካሄድ | የታሪክ ዕውቀት | ጮክ ብሎ ለቤተሰብ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጦቢያ | አጭር | መካከለኛ፣ የድሮ | ቀጥተኛ | አያስፈልግም | ይሆናል |
| ፍቅር እስከ መቃብር | በጣም ረጅም | መካከለኛ | ቀጥተኛ፣ አጀማመሩ ዝግ | የመሬትና የማዕረግ ቃላት | እጅግ ይሆናል |
| አደፍርስ | መካከለኛ | በጣም ከባድ | በክርክር የሚሄድ | ጥቂት | ምልልሱ ይሆናል |
| ከአድማስ ባሻገር | አጭር ወደ መካከለኛ | ቀላል | ቀጥተኛ | አያስፈልግም | ለአዋቂዎች |
| ኦሮማይ | መካከለኛ | ቀላል | ፈጣን | የ1974 ዘመቻ | ለአዋቂዎች |
| ሌቱም አይነጋልኝ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | ሴራ የለሽ | አያስፈልግም | አይሆንም |
| ግራጫ ቃጭሎች | ረጅም | መካከለኛ ወደ ከባድ | የሚዞር | ጥቂት | አይመችም |
| ዴርቶጋዳ | መካከለኛ | ቀላል | በጣም ፈጣን | አያስፈልግም | ይሆናል |

ለማን የትኛው

ለዓመታት ያላነበበ ሰው፦ ከአድማስ ባሻገር፣ ከዚያ ኦሮማይ፣ ከዚያ ፍቅር እስከ መቃብር። በሦስተኛው ላይ ሲደርስ የዕለት ገጹ ሳያስበው ጨምሯል።

ውጭ አገር አድጎ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ፊደሉን ግን እየቆጠረ የሚያነብ ወጣት፦ የሚናገረውን ቋንቋ በሚመስል መጽሐፍ ይጀምር። ዴርቶጋዳ ወይም ከአድማስ ባሻገር ይሁን። ፍቅር እስከ መቃብርን ከትረካው ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ ያስከትል። «ባህሉን እንዲያውቅ» ተብሎ መጀመሪያ ወፍራሙን ማሸከም ከአማርኛ ንባብ የማራቂያ ዋናው መንገድ ነው።

መጻፍ የሚሞክር ሰው፦ ሌቱም አይነጋልኝን ለምልልስ፣ አደፍርስን ለገለጻ፣ ግራጫ ቃጭሎችን ለዝርዝር። ሦስቱን በተከታታይ ቢያነብ ስለ አማርኛ ዐረፍተ ነገር የሚማረው ብዙ ነው።

የንባብ ክበብ፦ ኦሮማይ ያከራክራል፣ ግን ክርክሩ ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይዞራል። አደፍርስ የተሻለ ነው፤ አባላት ገጸ ባሕርያትን ተከፋፍለው ምልልሱን ቢያነቡት ብቻን ሲያነቡ የከበደው ይቀላል። በስብሰባ 40 ገጽ ይብቃ።

በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው፦ ግራጫ ቃጭሎችን ለእረፍት ጊዜው ያቆይ። የቀሩትን በዓመት ውስጥ ይጨርሳል።

ቅጂ ሲገዙ

ዝነኛ መጽሐፍ በስርቆት ይባዛል። ከነባር ቅጂ ፎቶ ተነሥቶ የታተመው ፊደሉ ያብጣል ወይም ይሳሳል፤ «ለ» እና «ሰ»፣ «ተ» እና «ቸ» ይምታታሉ። እንደገና በኮምፒውተር የተለቀመው ደግሞ ንጹሕ ይመስላል እንጂ መስመር ሊዘል ይችላል፤ ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ ተቆርጦ አዲስ አንቀጽ ከጀመረ ይጠርጥሩ።

የጎደለ ገጽ ማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ነው፤ አንዱ ወረቀት ሲታጠፍ ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ሲጎድል 16ቱም ይጎድላሉ፣ ሲደገም 16ቱም ይደገማሉ። ሁሉንም ገጽ መቁጠር ሳያስፈልግ ከ16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 የሚሻገርበትን እየገለጡ እስከ መጨረሻው ይዩ። ከዚያ መሐሉን ከፍተው ጀርባውን በቀስታ ወደ ኋላ ይግፉት፤ ሙጫው ከተሰነጠቀ 500 ገጽ ያለው መጽሐፍ እስኪያልቅ አይቆይም። አሮጌ ግን በክር የተሰፋ ቅጂ ካገኙ እሱን ይምረጡ። ይህን ሁሉ ገንዘቡን ሳይከፍሉ፣ ሻጩ ፊት ያድርጉት።